ከሞላሌ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ

ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ ከጣርማ በር ላይ ዋናውን ጐዳና ትተው ወደ ግራ ሲታጠፉ፣ አንባቢ ሆይ፣ የመንዝ ብርድ ይቀበልዎታል። ሞላሌ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ባና ሳይደርቡ ማምሸት አይሞከርም።

እኔም ባና ተደርቦልኝ ቡና የጠጣሁት የበግ ጠጉር ከሚፈትሉ አንዲት እናት ቤት ነበር። ጆሯቸው አይሰማም፤ እንግዳ ሰው ግን ይኸን በመልክ አያውቀውም። ጎረቤቶቻቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ከንፈራቸውን እያሳዩ ያጫውቷቸዋል። ለቡና ሲፈለጉም ልጅ ይላክባቸዋል እንጂ ከደጅ የሚጣራ የለም። በሞላሌ ምልክት አያስፈልጋቸውም።

ባሕር ማዶ ወልዳ የተኛች ልጃቸውን ሊያርሱ በሄዱ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አውሮፕላን ለመለወጥ በወረዱበት ማረፊያ፣ የመሳፈሪያው በር መቀየሩ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው እንደተቀመጡ አውሮፕላኑ ሄደ።

«ስሜን ጠርተው ነበር አሉ፤ ማን ሰምቶ፣ ልጄ!»

ለመልሱ ጉዞ ልጃቸው እርዳታ ጠየቀችላቸው። የመጣው ተሽከርካሪ ወንበር ነው! «የመንዝን ዳገት የምወጣውን ሴትዮ በጋሪ ገፉኝ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ወንበር የሚገፋ ሰው የሚናገረው ከጀርባ ነውና፣ ከንፈሩን በምን ያዩታል?

መስማት አለመቻል፣ የሚጥል በሽታ፣ ኦቲዝም፣ የመርሳት ችግር ከዐይን የተሰወሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን አጠገብ በሚገኘው የጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ለእንዲህ ያሉ መንገደኞች የሱፍ አበባ ሥዕል ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ መታደል ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ማንጠልጠያው የበሽታውን ስም አይገልጥም፤ «ጊዜ ስጡኝ፣ ምን ልርዳሽ በሉኝ» ማለት ነው። ሠራተኛው ትርጉሙን ካላወቀ ግን ያው ጌጥ ነው።

ስለዚህ፣ እናንት ወላጆቻችሁን የምትሸኙ እህቶች፣ ቲኬት ስትቆርጡ «እርዳታ ይፈልጋሉ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። አየር መንገዶች መስማት ለተሳነው መንገደኛና መራመድ ለማይችለው የተለያየ መለያ ስላላቸው፣ የትኛው እንደሆነ ተናገሩ። ብዙዎቹ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ መንገደኛም መድኃኒቱን ከሐኪም ወረቀት ጋር በእጅ ቦርሳው ይያዝ፤ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል።

እኒያ እናት ዳግመኛ ሊሄዱ ነው። የልጅ ልጃቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፈላቸውን ወረቀት ከፓስፖርታቸው ውስጥ አውጥተው አሳዩኝ፦ «ጆሮዬ አይሰማም። ከፊቴ ቆመው ያናግሩኝ። በሩ ሲቀየር መጥተው ይንኩኝ።»

አንብቤ ስመልስላቸው እስክሪብቶዬን በጣታቸው አመለከቱ።

«ወንበሩን እንዳያመጡት ጨምሪበት።»

በሁለቱም ቋንቋ ጨመርሁበት።