የተረፈው ባይናገር

ሰመር ላይ ሃሚልተን ውስጥ ባለ አራት ሞተሩ የድሮ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ ድምፁ ጆሮ ሳይሆን ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ደንግጬ ቆምኩ። እኔ ቦምብ ጣይ አውሮፕላንን የማውቀው ከሥሩ ከነበሩ ሰዎች ወሬ ነው። አያቴ የ1928ን የጣሊያን አውሮፕላን ስታነሣ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። ደሴ በቦምብ ስትጋይ፣ በሰሜኑ ጦር ግንባር በወታደሩም በባላገሩም ላይ መርዝ ሲዘንብ የኖረ ትውልድ ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ ለቦምብ ጣይ በራሪ ማዘን ለእኔ በቀላሉ የመጣ ነገር አይደለም።

አውሮፕላኑ ላንካስተር የሚባል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ነው። በዓለም ላይ ዛሬም መብረር የሚችሉ ሁለት ብቻ ቀርተዋል፤ አንዱ እንግሊዝ አገር፣ አንዱ እዚህ ካናዳ፣ ሃሚልተን። የሃሚልተኑ መታሰቢያነቱ ለአንድሩ ሚናርስኪ ነው። ይህን ስም ከሰማሁ ወዲህ ከልቤ አልወጣም።

ሚናርስኪ የስደተኛ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ዊኒፔግ ከተማ ከፖላንድ ከመጡ ወላጆች ተወለደ። አባቱ ሲሞቱ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ቤተሰቡን ለመርዳት ቆዳ ሥራ ገባ። ከዚያ አየር ኃይል፣ ከዚያ እንግሊዝ። አውሮፕላኑ ላይ ከነበሩት ሰባት ሰዎች መካከል እሱ በአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ያለው መትረየስ ተኳሽ ነበር። በጅራቱ በኩል ደግሞ ፓት ብሮፊ አለ። ሁለቱ በጣም ይዋደዱ ነበር። ብሮፊ መኮንን ሆኖ ሲሾም ሚናርስኪ ማታ ማታ ሲለያዩ በጨዋታ «ደህና ይደሩ ጌታዬ» ይለው ጀመር።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1944፣ ኖርማንዲ ላይ የተባባሪዎቹ አገሮች ጦር ከወረደ ስድስት ቀን በኋላ፣ ወደ ሰሜን ፈረንሳይ ተላኩ። ዒላማቸው የካምብሬ የባቡር ጣቢያ ነበር፤ ሐዲዱ ከተቆረጠ የጀርመን ጦር ወደ ባሕሩ ዳርቻ በጊዜ አይደርስም። (በእነዚያ ወራት በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ፈረንሳውያንም በዚሁ ቦምብ አልቀዋል። የአያቴ ልጅ ልጅ ሆኜ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።) ከመድረሳቸው በፊት የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን መታቸው። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፣ እሳት ተነሣ፣ አብራሪው ዝለሉ ብሎ አዘዘ።

ሚናርስኪ ወደ በሩ ደርሶ ነበር። ለመዝለል የቀረው አንድ እርምጃ ነው። ዞር ሲል ብሮፊን አየው። የጅራቱ ተኳሽ የሚቀመጥበት ክፍል ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ፓራሹቱን እንኳ ከጀርባው ውጭ ነው የሚያኖረው፤ ክፍሉ ካልዞረ መውጫ የለም። ሞተሮቹ ሲጠፉ የሚያዞረው ኃይል ተቋረጠ፤ በእጅ የሚዞርበት መዘውርም ተሰበረ። ሚናርስኪ በሩን ትቶ በእሳቱ መካከል እየዳኸ ሄደ። በመጥረቢያ ሞከረ፤ እምቢ ሲል በእጁ ታገለ። ልብሱና ፓራሹቱ በእሳት ተያያዙ። ብሮፊ፣ ተወኝ፣ ሂድ ብሎ በእጁ አመለከተው። በዚያ ጠባብ ቦታ መዞር ስለማይቻል ወደ ኋላው እየዳኸ ተመለሰ፤ ፊቱ ግን ወደ ጓደኛው ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ እየነደደ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ፣ አንድ ነገር ተናገረ። በዚያ ጩኸት ድምፁ አይሰማም፤ ብሮፊ ግን አውቆታል። «ደህና ይደሩ ጌታዬ።»

ዘለለ። መሬት ላይ ፈረንሳውያን አገኙት፤ ከቃጠሎው ግን አልተረፈም። መቃብሩ ሜአሪኩር በምትባል መንደር ነው።

አውሮፕላኑ ብሮፊን ይዞ ወረደ። ከዛፍ ጋር ተላተመ፣ ክንፉ ተገነጠለ፣ በግጭቱ ብሮፊ ወደ ውጭ ተወረወረ። ዳነ! ከሰባቱ የሞተው አንድ ሚናርስኪ ብቻ ሆነ። ብሮፊን የአገሬው ሰዎች ከጀርመኖች ደበቁት፤ በኋላም ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ያየውን ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሚናርስኪ የቪክቶሪያ ክሮስ ኒሻን የተሰጠው በዚህ ምስክርነት ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ከብሪታንያ የቦምብ ጣይ ጦር 125,000 ያህል በራሪዎች 55,573ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የወደቁት በሌሊት፣ ሰው በማያይበት ነው፤ ብዙ አውሮፕላን ሰባቱንም ይዞ ጠፍቷል። ስንቱ ከበሩ ተመልሶ ይሆን? ስንቱ በሚነድ እጁ የጓደኛውን በር ሲታገል ቀርቶ ይሆን? ለእነሱ የሚመሰክር ብሮፊ አልተገኘም። ለንደን ግሪን ፓርክ ያለው መታሰቢያቸው እንኳ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ አብዛኞቹ ጓዶቻቸው በእርጅና ካለፉ በኋላ።

አውሮፕላኑ በቤቴ ላይ ሲያልፍ አሁንም ቀና እላለሁ። መጀመሪያ አያቴ ትታወሰኛለች። ቀጥሎ ያ የሃያ ሰባት ዓመት የቆዳ ሠራተኛ፣ ፈረንሳይ ምድር ላይ ተቃጥሎ ተኝቶ፣ ጓደኛዬን ሳላድነው ቀረሁ ብሎ እያሰበ። ብሮፊ እዚያው አካባቢ፣ በሕይወት፣ በጨለማው ውስጥ እየተነፈሰ ነበር። ሚናርስኪ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው።