የአንድ ሌሊት መንገድ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ምን ያህል ይርቃል? ለቁጥር ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። አያቶቻችን መንገድን የሚለኩት በቀን ነበርና በእነሱ ስሌት እንየው ብንል፣ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚገሰግስ እግረኛ፣ ባሕሩ ደርቆ ቢጠብቀው እንኳ፣ ከ380 ቀን በላይ ይፈጅበታል። አውሮፕላኑ ግን ማታ ከቦሌ ተነሥቶ ጧት እዚያ ነው።

ታዲያ መሄጃውና መመለሻው እኩል አይደሉም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውና ጓዝ ጭኖ፣ ነዳጁንም ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ሮም ያረፈበት ጊዜ ነበር፣ ደብሊን ያረፈበትም ነበር። ነፋሱንም ፊት ለፊት ይጋፈጣል። እንዲህ እንዲያ እያለ 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲመለስ ነዳጁን ጠግቦ ይነሣል፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል፣ በ13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ከተፍ ይላል። በነዳጅ ሂሳብ መመለስ ይቀላል ማለት ነው።

የእጅ ሰዓት ግን ሌላ ይናገራል። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከእኛ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። (ጉድ እኮ ነው! እኛ ደግሞ በዘመን አቆጣጠር ከእነሱ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ነን። ተካክሰናል።) በ7ቱ ብናሰላው፣ የሄያጁ 17 ሰዓት በእጅ ሰዓቱ ላይ 10 ብቻ ይሆንለታል፤ የተመላሹ 13 ግን 20 ይሆንበታል።

እኛ የሰዓቱን ምስክርነት እንቀበላለን። አንደኛ ዓመት ሳለን ከዶርማችን አንዱ ሄደ። ሦስት መስቀል አለፈ። ዘንድሮ ለዕረፍት ስንወጣ እናቱን ልንጠይቅ ጎራ አልን። ቡና እየቀዱልን፣

«ልጆቼ፣ ይኸ አገር ስንት ቀን ያስኬዳል?» አሉን።

«አንድ ሌሊት ነው፣ እማማ» አልናቸው፣ ይጽናኑ ብለን።

ጀበናውን አስቀመጡ። «አንድ ሌሊት ከሆነ፣ ታዲያ ለመስቀል ለምን አይመጣም?»

ምን እንበላቸው? ወረቀቱ ገና መሆኑን? ጉዳዩ ሳይወሰን ከወጣ በሩ ሊዘጋበት እንደሚችል? ይህ በኪሎ ሜትር አይለካ፣ በቀንም አይቆጠር። ሲኒያችንን እያየን ዝም አልን።

ወገኖች፣ ዘንድሮ በየዶርሙ ፎርም የማይሞላ የለም። መሄድ ነውር ነው አንልም፤ ከመካከላችንም የሞላ አለ። ግን መሄጃው ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለን ስንጠይቅ፣ መመለሻውንም አብረን እንጠይቅ። እኛ ባንጠይቅ፣ ጀበናዋን አስቀምጣ የምትጠይቅ እናት በየቤታችን አለች።