«እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግላችሁ?»

ዛሬ ደሴ «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ላይ የነበራችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁም አይጠፋችሁም። ባነሩ ከመድረኩ ይረዝማል። ጥሪው የደረሰን ትናንት ከመግሪብ በኋላ በቴሌግራም ነው። ጎህ ሲቀድ ከሐርቡ ዶልፊን ሚኒባስ ተሳፍሬ (መንገዱ ሰላም ነበር፣ አልሐምዱሊላህ)፣ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ቀይሬ፣ ሐረጎን እየተጠማዘዝን ወጥተን በሰዓቱ ደረስኩ። በሰዓቱ መድረስ ምን ዋጋ አለው፣ የክብር እንግዳው 4 ሰዓት ላይ መጡ። ቀኑ ጁምዓ መሆኑን ያሰበበት ሰው አልነበረም። ወይም በደንብ ያሰበበት ሰው ነበር፤ ምክንያቱም የእኛ የጥያቄ ተራ የደረሰው ልክ ሰዉ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ነው።

አጀንዳው የመንግሥት ሕንፃዎች የዲዛይን አሠራር ነበር። እኛ የተጠቀስነው በአንድ ስላይድ ላይ ነው፦ «አማካሪዎች፣ አርክቴክቶች ወዘተ»። ጎኔ የተቀመጠው ሰርቬየር ጠጋ ብሎ «አንተስ ተጠቅሰሃል፣ እኔ ወዘተ ውስጥ ነኝ» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ የሳልኩ መሰልኩ።

ማይክ ሲደርሰን ያለንን ሁሉ አፈሰስነው። አንዱ ስለ ክፍያ፣ አንዱ በዝቅተኛ ዋጋ ስለሚያሸንፍ ጨረታ፣ አንዷ ፕላናችንን አርክቴክት ያልሆነ ሰው ስለሚገመግምበት መስኮት፣ አንዱ ስለ ታይፕ ዲዛይን፣ አንዱ ደግሞ (ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ) ስለ ፓርኪንግ። ሁሉም እውነት ነው። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም፤ በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና «እሺ፣ ገብቶኛል። ታዲያ ምን እናድርግላችሁ?» አሉ።

ጸጥ።

ቀጥሎ ሁላችንም በአንድ ጊዜ። የክፍያ ተመን ይውጣ የሚል አለ፤ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል አለ፤ ሥልጠና ይሰጠን የሚልም ተገኘ፣ አጂብ ነው። ሰብሳቢው ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ፊት ስለተቀመጥኩ ይታየኛል። አንድ ቃል ናት፦ «ቅሬታ»። ከሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩባት። «ተመዝግቧል» አሉ። ሻይ ቡና ሆነ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ነው የዋልኩት። መንግሥት አይሰማንም እንላለን። ቢሰማንስ ምን ብሎ ይጻፈው? ቅሬታ በጀት አይያዝለትም። ዕቅድ ውስጥ የሚገባ ዓረፍተ ነገር ካላቀበልነው ሰውየው ምን ያድርጉ?

ድሮ ቀላል ነበር። አይጠየፍ ሲሠራ ፈቃድ ሰጪውም፣ በጀት መዳቢውም፣ የአዳራሹ ባለቤትም ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ሠሪው አንድ ሰው ካሳመነ በቃው። አዲስ አበባ ላይ አፍሪካ አዳራሽንና ማዘጋጃ ቤቱን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚም ደንበኛው ጃንሆይ ነበሩ። ዛሬ አንዲት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ለመሥራት ፕላን አለ፣ ፋይናንስ አለ፣ ግዥ አለ፣ ግንባታ ፈቃድ አለ፣ ካቢኔ አለ። እኛ ግን አሁንም አንድ ትልቅ ሰው አግኝተን ሆዳችንን ብንነግረው ሁሉ ነገር የሚስተካከል ይመስለናል።

ጠበቆቹን እዩ። እንደኛው ፈቃዳቸውን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። በ2013 አዋጅ ቁጥር 1249 ወጣና የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር በሕግ ተቋቋመ። እነሱማ ሕግ ማርቀቅ ሥራቸው ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። እኛስ መንደፍ ሥራችን አይደለም? አንድ አንቀጽ መንደፍ እንዴት ያቅተናል?

ባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በእነሱ አቆጣጠር በ1972 ሁለት ነገር ሆነ። የአርክቴክቶቹ ኢንስቲትዩት አባላቱ በዋጋ እንዳይወዳደሩ የሚከለክል ደንብ ነበረው፤ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ውድድርን ያፍናል ብሎ ከሰሰውና ደንቡን አስጣለው። በዚያው ዓመት ደግሞ ኮንግረሱ ብሩክስ አክት የሚባለውን ሕግ አጸደቀ፦ የፌዴራል መንግሥት አርክቴክትና መሐንዲስ ሲቀጥር በመጀመሪያ በችሎታ ይመርጣል፣ በዋጋ የሚደራደረው ከተመረጠው ጋር ነው። ልብ በሉ። «ክፍያችን አይነካ» ያሉበት ወደቀ፣ «ሕዝቡ ጥሩ ሕንፃ ያግኝ» የተባለበት ጸደቀ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ ለአንድ ሙያ።

እኛ ዛሬ የቱን ይዘን ሄድን? የመጀመሪያውን። ተመን ይውጣልን።

እና ይሄን እያሰብኩ ሻይ ልቀዳ ስነሳ ማን ከፊቴ ቢቆም ጥሩ ነው? ማኅተም አከራዩ። ስሙን አልጠራም፣ እሱም ይሄን ያነባል፣ ሰላም ብለናል። ግን ካነሳሁት አይቀር ልጨርሰው።

ከዓመታት በፊት ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ነጋዴ የባለአራት ፎቅ ፕላን አሠሩኝ። አክብሬ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ቤታቸው ቡና ጠጥቻለሁ። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ መግቢያውን በሁለት ደረጃ ከፍዬ፣ የዝናቡን ውሃ ከጎረቤት ግድግዳ አርቄ፣ ሱቆቹ ከምዕራብ ፀሐይ እንዲድኑ በረንዳ አውጥቼ፣ ሌሊት ሌሊት ሠራሁ። የመጀመሪያውን ክፍያ ሰጡኝ። ከዚያ ስልክ ጠፋ። ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ቁፋሮ ተጀምሯል። ታፔላውን አየሁ፤ የአማካሪው ስም የኔ አይደለም። ፎርማኑ ልጅ የማውቀው ነው፣ ፕላኑን አሳየኝ። የኔው ነው። ደረጃው የኔ፣ ዓምዶቹ የኔ፣ ሌላው ቀርቶ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ በስህተት አንድ ሚሊሜትር ያለፈችው መስመር እንኳ የኔ ናት። በረንዳው ብቻ የለም፣ «ቦታ ይበላል» ተብሎ ተቆርጧል። ከታች የርዕስ ሳጥኑ ውስጥ የዚህ ሰውዬ ማኅተም ዱብ ብላለች፤ ቀለሟ ገና አልደረቀም ማለት ይቀለኛል። ያ ባለሙያ ቦታውን አይቶት አያውቅም። ኮምቦልቻንም ያያት በመኪና ሲያልፍ ይመስለኛል።

ጋሼን ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ ወረቀት እኮ ነው፣ እሱ በርካሽ መታልኝ» አሉኝ። እኚህን ሰው ምን ትላቸዋለህ? እሳቸው ገበያ ነው ያዩት። ማኅተም እንደ ሚዛን ኪራይ በሰዓት የሚሸጥ ከሆነ፣ ዋጋው መውረዱ ምን ይገርማል። ታዲያ ዛሬ ያ ሰውዬ ማይክ ይዞ «ሙያችን ክብሩን አጣ» ሲል ሰማሁት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ ነበር እናቴ። ወላሂ ሻዩ አልወረደልኝም።

ሱቆቹን ደግሞ አሁን ሄዳችሁ እዩ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ካርቶን ለጥፈው ነው የሚሸጡት። በረንዳዬን በካርቶን ሠሩት።

እሺ። ወደ ጉዳዬ።

ሻዩ ላይ የሀገር ሽማግሌዎችን ወክለው የመጡ አንድ ሐጂ አጠገቤ ተቀመጡ። ከእኛው ከሐርቡ ናቸው፣ ያውቁኛል። «አንተ የማን ልጅ፣ እናንተ ቤት የምትነድፉት ናችሁ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያ ያ እኛ ጋ ያለው አዲሱ ቢሮ ለምን እንደ ምጣድ ይግላል?»

«ሐጂ፣ እሱን እኛ አልሠራነውም። ታይፕ ዲዛይን ነው፣ ተዘጋጅቶ ከላይ የሚመጣ» አልኳቸው።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ለምን አልነገራችኋቸውም?»

ጠዋቱን ሙሉ ከተናገርነው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ቢሮውን አውቀዋለሁ። የደጅ ወንበሮቹ ወደ ምዕራብ ነው የሚያዩት። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አንድም ሰው አይቀመጥባቸውም። ባለጉዳዩ ሕንፃውን ዞሮ በስተጀርባ፣ የጄኔሬተሩ ክፍል ጥላ ውስጥ መሬት ላይ ይቀመጣል። እናቶች ነጠላቸውን አንጥፈው ከጥላው ጋር ይሸሻሉ። ተራ ሲጠራ የሚሰማ የለም፣ ስለዚህ አንድ ልጅ እየሮጠ ይጠራቸዋል። መስኮቶቹ ሰፋፊ መስታወት ናቸው፣ ግማሹ አይከፈትም። ልክ እንደሱ ያለ ቢሮ ደሴ ላይም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጠዋት ጋቢ የምታስለብስ፤ እዚያ ያ መስታወት ፀሐይ ይሰበስባል፣ ጥሩ ነው። ሐረጎን ወርደህ፣ ኮምቦልቻን አልፈህ፣ ሐርቡ ስትደርስ ሌላ ዓለም ነው። ፕላኑ ግን ሲወርድ ሸሚዙን እንኳ አልቀየረም።

እዚሁ ከሚሴ በላይ ሾንኬ ያሉት አርጎባዎች ይሄን ጉዳይ ድሮ ጨርሰውታል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በአፈር የተደፈነ ጠፍጣፋ ጣራ፣ ትንሽ መስኮት። ውጭ ሲያቃጥል ውስጥ ይቀዘቅዛል። ማኅተምም አልነበራቸውም።

ታይፕ ዲዛይን ይቅር አልልም። በጀት ያድናል፣ ጊዜ ያድናል፤ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት በየወረዳው በዚህ ፍጥነት የተዳረሰው በሱ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ፕላኑ መሬት ከመንካቱ በፊት አካባቢውን የሚያውቅ አርክቴክት ከቦታው፣ ከፀሐዩና ከውሃው ጋር ያላምደው፤ ለዚህም በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ አንዲት መስመር ትኑር። በቃ። ሰብሳቢው «ምን እናድርግላችሁ?» ሲሉ ይሄ ነበር መልሱ። ማስታወሻቸው ላይ ይገባል፣ ዕቅድ ውስጥም ይገባል። ደግሞ ሥራ ይፈጥርልናል፤ ክፍያ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳንጠራ።

እጃችን ላይ ያለውንም እንጠቀምበት። ገና በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው አዞ ነበር። ያ አዋጅ ከወጣ ስንት ክረምት አለፈ፣ ስንቱ ቢሮ ነው እስካሁን አምስት ደረጃ ወጥተህ የምትገባበት? ይሄን ይዘን ስንሄድ ብቻችንን አንሂድ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ከፊት ይሁን፣ እኛ ንድፉን ይዘን ከኋላ። ሙያውን የሚያስከብረው ያ ነው። በዊልቸር የመጣ ሰው ደረጃው ሥር ቆሞ ሲጠይቅ «ተመዝግቧል» ብሎ ወደ ሻይ መሄድ ይከብዳል።

ጊዜውንም እንወቅበት። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ዕቅዱ የሚበስለው ግን አሁን በበጋው ነው። እኛ ሁሌ የምንደርሰው ጨረታ ሲወጣ ነው። ጨረታ ሲወጣ ነገሩ አልቋል፤ መስፈርቱ ተጽፏል፣ ፕላኑ ተባዝቷል፣ የቀረው ማነው የሚረክሰው የሚለው ነው።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ልጆች፣ ሰኞ ለታ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ወደ ሐርቡ ውረዱ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ውስጡንና ደጁን ለኩ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ ሣሉ። ምሳ በኔ ነው። ደሴ ያላችሁ ደግሞ ዋጋውን አስሉልኝ፦ በረንዳ መጨመር ስንት፣ የሚከፈት መስኮት ስንት፣ ራምፕ ስንት። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ኮንሴፕት የሚባል ቃል የሌለበት። መጋቢት ሳያልቅ ሐጂን ከፊት አስቀድመን እናስገባዋለን፤ እሳቸው እሺ ብለውኛል።

የምትመጡ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ማኅተም የምታከራዩ አትምጡ።