ጌሾና ጋን በዘጌ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ላይ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የተጓዘ ሰው ወደ ዘጌ ይደርሳል። ዘጌ በአንድ ወገን ከየብስ ተያይዛ በቀረው ውሃ የከበባት፣ በጥቅጥቅ ዱር የተሸፈነች ምድር ናት። በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንታዊው የገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ የእህል ማሳ አይታይባትም፤ ከረጃጅሙ ዛፍ ሥር ቡናው፣ ከቡናውም ጎን ጌሾው ይበቅላል። ያለ እርሻ የሚኖሩበት ሲሳይ ሆኖ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ የተሰጣቸው በአቡነ በትረ ማርያም ጸሎት እንደ ሆነ የሀገሩ ሰዎች ከአባቶቻቸው ተቀብለው ይተርካሉ።

ወደዚህች ምድር የሄድነው በ2011 ዓ.ም. ጥር 16 ቀን፣ ወርኃዊውን የኪዳነ ምሕረት በዓል በኡራ ለማክበር ነበር። ነገር ግን ሌላም ጉዳይ ነበረን፤ ከአንባቢያን አንሠውረውም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የማኅበር ተራ ደርሶን በቤታችን የጠመቅነው ጠላ እጅግ ስለ መረረ፣ ማኅበርተኞቻችን በትሕትና አንድ አንድ ዋንጫ ብቻ ቀምሰው ተመለሱ፤ የቀረውም በጋኑ ውስጥ ሰንብቶ ተደፋ። እህሉ መባከኑ አሳዘነን፤ ይልቁንም እንግዶቻችን ሳይረኩ መሄዳቸው አሳፈረን። ስለዚህ ጌሾ ከሚያበቅሉት ሰዎች ዘንድ አያያዙን ለማየት ወደድን።

ያሳደሩን እናት ለጥር 21፣ ለአስተርእዮ ማርያም ዝክር ጠላ ሊጠምቁ ተዘጋጅተው ነበር። ጥንስሱን ከሦስት ቀን በፊት በማሰሮ አኑረውታል፤ ይኸውም በፀሐይ የደረቀ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ኋላም ጥቂት የብቅል ዱቄት ገብቶበት ነው። ዓርብ ጧት፣ ጥር 17 ቀን፣ ጥንስሱ ወደ ጋን የሚገለበጥበት ሰዓት ደረሰ። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ ነበርና የቤቱ ሽታ ሁሉ መልካም ሆነ።

ጥንስሱን ወደ ጋኑ ቀስ እያሉ ገለበጡት፤ በማሰሮው ግርጌ የቀረውንም ቅጠል በጥቂት ውሃ አለቅልቀው ጨመሩት። ቀጥሎ እንኩሮውን ከቀረው ብቅል ጋር አስገቡ። በመጨረሻ ተቀጥቅጦ በስፌት የተቀመጠውን የጌሾ እንጨት አነሡ። በእፍኛቸው እየሰፈሩ ጥቂት በጥቂት ጨመሩ፤ ድፍድፉን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ፤ ከዚያም በስፌቱ ገና ሁለት እፍኝ ያህል ሳለ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እናታችን፣ የቀረውን ለምን አይጨምሩትም?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ የጎደለ ቢሆን ነገም ይጨመራል፤ አንዴ የገባው መራራ ግን ተመልሶ አይወጣም» አሉን።

የእኛ ጥፋት በዚህ ቃል ተገለጠልን። እኛ ቅጠሉንም እንጨቱንም በአንድ ቀን፣ ሳንቀምስ፣ ሁሉንም አራግፈን ነበር። ጌሾ መራራነትን ይሰጣል፤ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፤ ነገር ግን ከድፍድፉ ጋር በጋኑ ውስጥ በቆየ ቁጥር ምሬቱን መልቀቁን አይተውም። የጠጅ ጣይ ከማሩ ውሃ ውስጥ የጌሾውን እንጨት ጊዜውን ጠብቆ ያወጣዋል። የአውሮፓ ቢራ ጠማቂዎችም ሆፕ የሚባለውን የሐረግ አበባ ከብቅሉ ውሃ ጋር ካፈሉ በኋላ፣ ወደ መብላያው ጋን ሳይዛወር አብዛኛውን ዝቃጭ ይለዩታል። የጠላ ጌሾ ግን እስከሚጠለልበት ቀን ድረስ ከእህሉ ጋር ተደባልቆ ይኖራል፤ ስለዚህ መጠንቀቅ የሚገባው ሲገባ ነው እንጂ ከገባ በኋላ አይደለም።

የእናታችን ጥንቃቄ ሌላም ምክንያት ነበረው። በዘጌ እህል አይታረስምና ገብሱም ዳጉሳውም የቡናና የጌሾ ዋጋ ነው፤ ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ነው። የአንድ ጋን ጠላ ቢበላሽ የብዙ ቀን ለቀማ ከንቱ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ በእመቤታችን ስም የተጠሩት ጎረቤቶችና ድኾች ያለ መጠጥ ይመለሳሉ።

የጋኑ አፍ ተከድኖ በጭቃ ተመረገ። በዋዜማው፣ ጥር 20 ቀን፣ ተከፍቶ ውሃ ተሞላበትና እንደ ገና ታተመ። በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ መልስ እናታችን ማንም ጋኑን እንዳያናውጥ አዝዘው፣ ጌሾው ወደ ታች እንደ ረጋ ከላይ በቀስታ እየቀዱ በማጥለያ አጠለሉት። ጠላው ጥቁር ሆኖ የጠራ ነበር፤ ምሬቱም ምላስ ላይ ደርሶ የሚያልፍ እንጂ የሚቀር አልነበረም። የመጡት ሁሉ ጠጡ፤ ደግመውም ተቀበሉ፤ የአንድ ሽማግሌ ምርቃትም እስከ ደጅ ድረስ ተሰማ።

ስንሰናበት እናታችን ከስፌቱ የተረፈውን ሁለት እፍኝ የጌሾ እንጨት በጨርቅ ቋጥረው ሰጡን። ጀልባው ከዘጌ ሲርቅ ቋጠሮውን በእጃችን ይዘን፣ ከዱሩ መካከል የሚወጣውን የየቤቱን ጭስ እየተመለከትን ሄድን። በተከተለው ዓመት ተራችን ሲደርስ ከዚያ ቋጠሮ አንዱን እፍኝ ብቻ ጨመርን፤ ቀመስን፤ ሁለተኛውን አስቀረነው። ማኅበርተኞቻችንም በዚያ ቀን ዋንጫቸውን ሁለተኛ ጊዜ ዘረጉልን።