አፅሙን ያገኘው ማን ነው?

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። እኔ የሥነ ምድር ተማሪ ነኝና የሜሪ አኒንግን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ይኸው ተረት በእንግሊዝ አገር በግብር ተፈጽሞ አገኘሁት።

ሜሪ በ1799 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደች። አባቷ አናጢ ነበር፤ በ1810 ሲሞት ለቤተ ሰቡ ዕዳ ጥሎ አለፈ። እናትና ልጆችም ከባሕሩ ገደል ሥር ቅሪተ አካል እየለቀሙ ለጎብኚዎች በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። በ1811 ወንድሟ ጆሴፍ የኢክትዮሳውርን የራስ ቅል አገኘ፤ የቀረውን አፅም በሚቀጥለው ዓመት ያገኘችው ሜሪ ናት፤ ገና ልጅ ነበረች።

በ1823 ደግሞ አንገተ ረዥሙን የባሕር አውሬ፣ ፕሌሲዮሳውርን፣ ከነሙሉ አፅሙ አወጣች። ፈረንሳዊው ሊቅ ኩቪዬ በአንገቱ ርዝመት ምክንያት ተጠራጠረ፤ ኋላ ግን እውነተኛነቱን አመነ። በ1824 ኮኒቤር የተባለው ሊቅ ስለዚሁ አፅም ለለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ሲያስረዳ ስሟን አላነሣም። እርሷም ቆማ «የኔ ነው» ለማለት አትችልም ነበር፤ ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919 ነውና።

ምናልባት አንዱ ወንድማችን «አጥንት መልቀም የጉልበት ሥራ እንጂ ዕውቀት አይደለም» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሜሪ የሊቃውንቱን ጽሑፍ ከነሥዕሉ በእጇ ትገለብጥ፣ የቅሪተ አካሉን አሠራር ለመረዳትም የዛሬዎቹን ዓሣዎች እየበለተች ትመረምር ነበር። በ1839 አንድ መጽሔት ስለ ጥንት ሻርክ ያወጣውን የተሳሳተ ሐሳብ በደብዳቤ አርማለች።

ሁሉም በደሏት ማለቴ ግን አይደለም። ባክላንድ በ1829 እርሷ ስላገኘችው በራሪ እንስሳ ሲያስረዳ ስሟን ጠርቷል። ስለዚህ የሌሎቹን ዝምታ «የዘመኑ ልማድ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ስም መጥራት የሚጠይቀው አንድ መሥመር ብቻ ነው።

ሜሪ በ1847 በጡት ካንሰር ሞተች። በተወለደችበት ከተማ ሐውልት የቆመላት በ2022 ነው።

እኛም ነገ የመመረቂያ ጽሑፋችንን እንጽፋለን። ገደሉን ያሳየን እረኛ፣ ከኛ ጋራ መዶሻ ይዛ በፀሐይ የዋለች እኅታችን፣ በጽሑፉ ላይ ስማቸው ይገኛል ወይስ አይገኝም? ይህን የሚወስነው ማኅበር ወይም ዘመን ሳይሆን ብዕሩን የያዘው ሰው ነው።