የከርሞ ሰው ይበለን

አንጋፋው ሙዚቀኛ ሙላቱ አስታጥቄ በመስከረም 2018 ዓ.ም. አዲስ አልበም ሲያወጡ 81 ዓመታቸው ነበር። አልበሙን «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ብለውታል፤ ሙላቱ የሙላቱን ሲጫወቱ እንደ ማለት ነው። ከስሙ እንደምትረዱት አብዛኞቹ ዜማዎች የቆዩ ናቸው። «የከርሞ ሰው» አለ፣ «ነፃነት» አለ፣ በየሠርጉ የምናውቀው «ኩሉን» አለ። ታዲያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈውን ዜማ እንደገና መቅረጽ ምን ይባላል? ወደ ቀድሞ ብቃት መመለስ ነው ወይስ የድሮ ዕቃ በአዲስ ካርቶን መሸጥ? ማርኬቲንግ እንጀራዬ ስለሆነ ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይሄኛው ያ አይደለም።

ሙላቱ የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው፣ በ1936 ዓ.ም.። ቤተሰባቸው ወደ ዌልስ የላካቸው ኢንጂነር እንዲሆኑ ነበር። (ልጁን ለኢንጂነሪንግ ልኮ ሙዚቀኛ የተረከበ ወላጅ ያን ቀን ምን ብሎ ይሆን? ዛሬ በየቤቱ የሚባለውን እንኳ ሁላችንም እናውቃለን።) ከለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ወደ ቦስተኑ በርክሊ ተሻገሩ፣ ቫይብራፎን ያዙ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን አወጡ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አጋብተው ኢትዮ ጃዝን ፈጠሩ። ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን ዘግይቶ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ አልበም አራተኛውን ቅጽ ለእሳቸው ሰጠ፣ በ2005 ደግሞ የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ዜማዎቻቸውን ይዞ ወጣ።

ስለ አዲሱ አልበም የተከራከርነው መኪና ውስጥ ነው። ኅዳር ላይ ከጅማ ወደ አጋሮ እየሄድን ነበር፤ በየደጁ ቡና ተሰጥቷል። ታናሽ ወንድሜ የሄቪ ሜታል ሰው ነው፤ ከጥቁር ካናቴራ ሌላ ሲለብስ ካየሁት ቆይቻለሁ። ጃኖ ባንድን እንኳ «ለስለስ ይላሉ» ብሎ ያልፋቸዋል፣ «ኤርታሌ»ን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል በ1986 የሞተርሄድን አልበም የሠራ ሰው መሆኑን እየነገርኩት።

«ወደ ቀድሞ ብቃት መመለስ ማለት ብላክ ሳባዝ ነው» አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ስላወጡት «13» ስለተባለው አልበም ነው የሚያወራው። ኦዚ ኦዝቦርን ከጓደኞቹ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ አልበም ሲያወጣ ከ35 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ ቡድኑም ከ1970 ወዲህ በእንግሊዝ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው ያኔ ነው። ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን በመሃል የሠራችሁትን ሁሉ እርሱት፣ የመጀመሪያውን አልበማችሁን መንፈስ አምጡልኝ ነበር ያላቸው። አመጡለትም። ኦዚ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ያረፈው በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም የስንብት ኮንሰርት ካቀረበ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው፤ ወንድሜ ያን ሰሞን ምግብ አልበላም ማለት ይቻላል።

«13»ን እኔም እወደዋለሁ። ግን ስሰማው ራሱን በድሮ ፎቶግራፉ የሚያስተያይ ሰው ይታየኛል። ብላክ ሳባዝን ብላክ ሳባዝ ያደረገው እኮ ሌላ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቆብ ሠርቶ ጣቶቹን ከደነ፣ እንዳያመው የጊታሩን ክር አላላ፤ ያ ከባድ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው።

ሙላቱ ያደረጉት ለዚህ ይቀርባል። ዜማው ያው ነው፣ ሥሩ አልተነቀለም፣ ላዩ ግን ተቆርጦ እንደገና በቅሏል። በለንደንና በአዲስ አበባ በተቀረጸው በዚህ አልበም፣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ዴክስተር ስቶሪ ነው፣ ክራሩና ማሲንቆው ለጌጥ አልገቡም። ከሳክስፎኑና ከመለከቱ እኩል ይናገራሉ። ለወንድሜ የድሮውን «የከርሞ ሰው» አስቀድሜ ከፈትኩለት፤ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ያ ጊታር እንዴት እንደሚያጉረመርም እንዲሰማ። ከዚያ አዲሱን አስከተልኩ። ካናቴራውን ወደ ታች እየሳበ ዝም አለ።

«ጎንድለውት ነዋ» አልኩ።

አባቴ ከፊት ወንበር ዞር አለ። «ይኸው፣ በቡናዬ መጣሽ።»

ቡና የማታውቁ ካላችሁ፣ ጉንደላ ማለት ያረጀን የቡና ተክል ከመሬት 30 እና 40 ሳንቲ ሜትር ትቶ መቁረጥ ነው። ለቀማ ካለቀ በኋላ፣ ዝናብ ሳይጀምር፣ ውሃ እንዳያቁር አግድም ዘመም ተደርጎ ይቆረጣል። ጉቶው በዝናቡ ያቆጠቁጣል፤ ከቡቃያው ጠንካራ ጠንካራዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ተመርጠው ሌላው ይቀነሳል። ፍሬ የሚለቀመው በሦስተኛው ዓመት ግድም ነው። አዲስ ችግኝ ከማሳደግ ይሻላል፤ ሥሩ መሬቱን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ጭንቁ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው።

የአባቴ ማሳ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ነው፣ አያቴ የተከሉት። ድሮ 30 ፈረሱላ ጀንፈል ይገባበት ነበር፤ አምና 11 ገባ። ዛፎቹ ረዝመው ለቃሚ በመሰላል ነው የሚደርስባቸው። የግብርና ባለሙያው ጎንድሉ እያለ አራት ዓመት ተመላልሷል። እኔም በመሥሪያ ቤት ቋንቋ፣ በወጪና ገቢ ሰንጠረዥ አስረድቼዋለሁ። አባቴ ሰንጠረዡን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ያን ቀን መኪና ውስጥ ግን መልስ ሰጠኝ። «71 ዓመቴ ነው። የከርሞ ሰው ይበለን ነው የሚባለው፤ የሦስት ከርሞ ሰው ይበለን ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ወንድሜም እኔም መልስ አልነበረንም። የልጁ የዩኒቨርሲቲ ወጪ ከዚያው 11 ፈረሱላ ነው የሚወጣው፤ ያንንም ሦስታችንም እናውቃለን። ሙዚቃው ቀጠለ። የአጋሮ መግቢያ ላይ ስንደርስ አባቴ «ሰውዬው ስንት ዓመታቸው ነው ያልሽው?» አለኝ።

«81።»

«ዝፈን ብሎ ያስገደዳቸው የለም አይደል?»

«የለም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሙላቱ አላነሳም። በጥር ግን ባለሙያውን ራሱ ደውሎ ጠራው። የተስማማንበት ማሳውን ለሦስት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን እጅ መጎንደል ነው፤ እንዲህ ከሆነ ቤቱ ፍሬ ሳያይ የሚውልበት ዓመት አይኖርም። የጎደለውን እኔና እህቴ በየወሩ እንሞላለን። ለእህቴ ቀላል አይደለም፤ ሁለተኛ ልጇን በቅርቡ ነው የወለደችው። ባለቤቷን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀባት።

የካቲት ላይ ቆረጥን። መጋዙን የያዘው ወንድሜ ነበር፣ ጆሮው ላይ ሄድፎኑን እንደሰካ። ጎረቤታችን አጥር ላይ ቆመው «ምነው፣ ምን አደረጋችሁ?» ብለው አዘኑ፤ እውነትም ሲያዩት የተቃጠለ ግቢ ይመስላል። አባቴ በየረድፉ እየሄደ የትኛው እንደሚቆረጥ በዱላው ያሳይ ነበር። በሩ አጠገብ ካሉት አራት እግር ቡናዎች ጋ ሲደርስ ግን ዱላውን አላነሳም።

«እነዚህ ይቆዩ» አለ።

ወንድሜ አልሰማውም፤ መጋዙን ይዞ ሲጠጋ ክንዱን ያዝኩት።