ለሐይቅ ዳር ዕረፍት ማደሪያ ስንመርጥ

ልጆች ሕፃናት ሳሉ ለዕረፍት ይዟቸው መውጣት ቀላል ነው። አሸዋ፣ ባልዲና ጥቂት ብስኩት ካገኙ ሌላ ነገር አይጠይቁም። ከእናታቸው ዓይን ካልራቁም ቦታው የትም ቢሆን ግድ የላቸውም። አሥራ ሦስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብቻቸውን መሆን ይሻሉ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ደግሞ ይከፋቸዋል። ከእኛ ጋር መታየት ያሳፍራቸዋል፤ ከዓይናችን ሲርቁ ደግሞ እኛ እንሸበራለን። በመሆኑም ለጎረምሶችና ለኮረዶች የሚሆን ማደሪያ መምረጥ የዋጋና የመልክ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን እኔ የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ስሕተቴንም ለሌሎች ወላጆች ማካፈሉ ይጠቅማል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

በወላጆቻችን ዘመን አቅም ያለው ቤተሰብ ለባሕር ዋና ወደ ምጽዋ፣ ወደ ጉርጉሱም ይወርድ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ለብዙው የአዲስ አበባ ቤተሰብ አሸዋና ማዕበል ማለት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው። ባለፈው ዓመት የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳበቃ የእኛም ልጆች «ውኃ ዳር እንሂድ» ብለው ያዙን። ልጆቻችን ሦስት ናቸው። ታላቁ ወንድ ሲሆን 17 ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛዋ ሴት ናት፣ 14 ዓመቷ፤ ታናሿም 12 ዓመቷ ነው።

እኔም በጊዜው ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር፣ በስልኬ የተላከልኝን ፎቶግራፍ አይቼና ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ የሚቀንስ መሆኑን አስተውዬ፣ አንዱን ሆቴል በአንድ ቀን ውስጥ ያዝኩ። የሆቴሉንም ሆነ የሐይቁን ስም እዚህ ማንሣት አያስፈልግም። ፎቶግራፉ አልዋሸም። አበባው አለ፤ ሐይቁ አለ፤ ነጩ ወንበርም አለ። ፎቶግራፉ ያላሳየኝ ግን ለሴቶቹ ልጆች የተሰጠው ክፍል ከእኛ ክፍል ርቆ፣ ከመጠጥ ቤቱ በላይ መሆኑን ነበር። «ሌላ ክፍል የለም» ተባልን፤ እኛም «ለሦስት ሌሊት ምን ይሆናል?» ብለን ተቀበልን።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ደስ ብሏቸው ዋኙ። በሁለተኛው ቀን ግን ሴቷ ልጄ «ሆዴን አሞኛል» ብላ ከክፍሏ አልወጣ አለች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እኔም እናት ሆኜ መጠየቅ ሲገባኝ ተቆጣሁ። «ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን ያመጣንሽ ግድግዳ ልታዪ ነው?» አልኳት። የዕድሜዋ ጠባይ ነው ብዬም ተውኩት። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ነገሩን ያወቅሁት ከብዙ ወራት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን ስሠራት ነው። ፀጉር ሲሠራ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ይሆናል፣ ልጆች በዚያን ጊዜ የልባቸውን ያወጣሉ።

«እማዬ፣ ዘንድሮም እዚያው ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

«ምነው፣ አልወደድሽውም እንዴ?»

ጥቂት ዝም ብላ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀን ከውኃው ስትወጣ ሁለት ጎልማሶች ከመጠጥ ቤቱ ወንበር ተነሥተው እስከ ደረጃው ድረስ ተከትለዋታል። ስሟንና የክፍሏን ቁጥር ጠይቀዋታል። ሌሊትም ሙዚቃው ሲጮህ አንድ ሰው በራቸውን ደጋግሞ አንኳኳ። የበሩ መቀርቀሪያ የላላ ስለነበር ጠረጴዛውን ገፍታ ከበሩ ጀርባ አስደግፋ፣ ታናሿን ሳትቀሰቅስ፣ እስኪነጋ ቁጭ ብላ አድራለች።

እጄ ከፀጉሯ ላይ ቆመ። «ታዲያ ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ጠዋት የዋና ልብሴን አይተሽ ‹ይህን ለብሰሽ ነው ሰው ፊት የምትወጪው?› ብለሽኝ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ያንቺው ነው የምትዪኝ መሰለኝ» አለችኝ።

ያንን ቃል መናገሬን እኔ ጨርሶ ረስቼዋለሁ። እርሷ ግን አልረሳችውም። እንግዲህ እናቶች፣ ልጆቻችን ችግር ሲደርስባቸው ወደ እኛ መምጣታቸውን ወይም ጠረጴዛ ገፍተው በር መዝጋታቸውን የሚወስነው አንዳንድ ጊዜ ሳናስበው ከአፋችን ያመለጠች አንዲት ቃል ናት። ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥፋቱ የተከተሏት ሰዎችና ሳይጠይቁ ማደሪያ የያዙት ወላጆቿ እንጂ የእርሷ አለመሆኑን ደጋግሜ ነገርኳት። ለባለቤቴም በእርሷ ፈቃድ ነገርኩት። እርሱም ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ሁለተኛ ሳንጠይቅ የትም አንሄድም» አለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው በእኔ ደረሰ።

ዘንድሮ ጊዜው ሲቃረብ አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ አምስታችንም ተቀመጥን። እያንዳንዱ ሰው የግድ የሚፈልገውን አንድ ነገርና የማይፈልገውን አንድ ነገር እንዲናገር ተስማማን። ታላቁ የስልክ መሥመር እንዲኖርና ጠዋት እንዳይቀሰቀስ ጠየቀ። ታናሿ ጥልቅ ያልሆነ ውኃ ፈለገች። ባለቤቴ ዓሣና ጸጥታ ብቻ ነው የምሻው አለ። ሴቷ ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከውስጥ የሚቆለፍ በር» አለች። ወንድሟ ሊስቅ ሲል አባቱ በዓይኑ ገሠጸው። እኔም የእርሷን ጥያቄ ከሁሉ በላይ በአንደኛ ቁጥር ጻፍኩት።

ከዚያም ሐይቆቹን በየተራ አነሣን። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። ሆራም ሆነ ባቦጋያ ለዓይን ያምራሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ስለሆኑ ዳርቻቸው ቀስ ብሎ አይጠልቅም፤ ጥቂት እርምጃ እንደተገባ ጥልቁ ይጀምራል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። ዋና በደንብ ለማይችል ልጅ ከዳር ሆኖ ማየት እንጂ መግባት አይሆንም።

ሐዋሳ ከተማዋም፣ የፍቅር ሐይቅ መናፈሻዋም፣ የአሞራ ገደል ዓሣዋም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በሐዋሳ ሐይቅ የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። የበሽታው ትል በውኃ ዳር ሣር ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። መድኃኒት ያለው ቢሆንም አስቀድሞ መጠንቀቁ ይሻላል። አርባ ምንጭም ተነሥቶ ነበር። ሆኖም መንገዱ ሩቅ ከመሆኑ በላይ በጫሞ ሐይቅ ያለው «የአዞ ገበያ» ስሙ ራሱ እንደሚናገረው በጀልባ ሆኖ የሚጎበኝ እንጂ የሚዋኙበት ስፍራ አይደለም።

በመጨረሻ የቀረው ላንጋኖ ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዝዋይ አልፎ፣ ከሻሸመኔ ሳይደረስ የሚገኝ ነው። ውኃው በውስጡ ከተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የተነሣ ቡናማ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው የቆሸሸ ይመስለዋል። ይሁንና ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ሰው ሲዋኝበት የኖረ ሐይቅ ነው። በብዙ ቦታ አሸዋማ ዳርቻም አለው። እኔም በልጅነቴ አባቴ ስለ በቀለ ሞላ ሆቴልና ስለ ላንጋኖ አሸዋ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ሐይቁን መምረጥ ግን የሥራው ግማሽ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ማደሪያዎች የትኛው ይሻላል የሚለው ቀረ። በዚህ ጊዜ ጥያቄዎቹን የጻፈችው ሴቷ ልጄ ናት። ስልኩንም እርሷ ደወለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቦታ ስልኩን ያነሣው ሰው ስለ ክፍሎቹ መስኮት ብዙ ካሞገሰ በኋላ፣ መጠጥ ቤቱ ከክፍሎቹ ምን ያህል እንደሚርቅ ስትጠይቀው «እሱን ለምን ትጠይቂያለሽ፣ ስትመጡ ታዩታላችሁ» አላት። መስመር አሠመረችበት። በሌላው ቦታ ያነሡት ሴት ግን «ቆዪ የኔ ልጅ፣ ሄጄ ልይልሽና መልሰሽ ደውዪ» አሏት። ደግማ ስትደውልም ሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ ለግድግዳ እንደሚገናኙ፣ በሩ ከውስጥ ሁለት መቀርቀሪያ እንዳለው፣ ሙዚቃው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ፣ የዋና ጠባቂም እንዳላቸው ነገሯት። ሕንፃው ያረጀ ነው፤ ወንበሩም ነጭ አይደለም። ዋጋው ካለፈው ዓመት ስለበለጠ አራት ሌሊት ያልነውን ሦስት አደረግነው። ያንን መረጥን።

የመንገዱን ሁኔታ ከሚመላለሱ ሰዎች ጠይቀን፣ በማለዳ ተነሥተን፣ በብርሃን ደረስን። ሴቷ ልጄ ወደ ክፍሏ እንደገባች በሩን ቆልፋ ከፈተችው፤ እንደገና ቆልፋ ከፈተችው። ሌሊት ላይ እኔና እርሷ አስቀድመን እንደተስማማነው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታች። እኔም ከወዲህ ሦስት ጊዜ መለስኩላት።

በመጀመሪያው ቀን ሹራቧን ሳታወልቅ ከጥላው ሥር ተቀምጣ ዋለች። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ቀን በካናቴራና በቁምጣ እስከ ጉልበቷ ገባች። ከሰዓት በኋላ ግን በላንጋኖ እንደሚያጋጥመው ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ በረታ። የዋና ጠባቂው ፊሽካ ነፍቶ ሁሉንም ከውኃው አስወጣ። ወንድ ልጄም ከገመዱ አልፎ ስለነበር ተጠርቶ ተመለሰ፤ አኮረፈም። አባቱ አልተቆጣውም፤ «ነፋሱ ሳይነሣ ጠዋት አብረን እንዋኛለን» ብቻ አለው። አትቀስቅሱኝ ያለው ልጅ በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አባቱን ቀድሞ ከአሸዋው ላይ ቆሞ አገኘሁት። እኅቱም በዚያው ጠዋት የዋና ልብሷን ለብሳ እስከ አንገቷ ገባች። እኔን ዞር ብላ አየችኝ። እጄን አውለበለብኩላት እንጂ ስለ ልብሷ ምንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻው ሌሊት ግድግዳው ሲመታ እስክሰማ ድረስ ነቅቼ ጠበቅሁ። አልተመታም። ተነሥቼ በራቸው ዘንድ ባዳምጥ ሁለቱም ተኝተዋል።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ከዋጋው በፊት የክፍሎቹን አቀማመጥ ጠይቁ። የወላጆችና የልጆች ክፍል ጎን ለጎን መሆኑን፣ በሩ መቆለፉን፣ መጠጥ ቤቱ መራቁን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ዳርቻው ቀስ ብሎ የሚጠልቅ መሆኑን፣ ጠባቂና ድንበር መኖሩን፣ የአካባቢው ሰውም ጉማሬ የማይወጣበት ነው የሚለውን ስፍራ ጠይቃችሁ ዕወቁ። ሦስተኛ፣ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ወባ ያለበት ስለሆነ አጎበር መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለም ይዛችሁ ሂዱ። አራተኛ፣ የልጆቹን ፈቃድ ሳትሰሙ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ራሳቸው የጠየቁበትንና የመረጡበትን ስፍራ ጉድለት ቢኖረውም ይችሉታል።

ከሁሉም በላይ ግን፣ እናቶች ሆይ፣ ልጃችን «ሆዴን አሞኛል» ስትል ስለ ገንዘቡ ከመናገራችን በፊት አጠገቧ ቁጭ ብለን «ምን ሆንሽ?» እንበላት። መልሱ በዚያው ቀን ላይመጣ ይችላል። በሩ ክፍት መሆኑን ካወቀች ግን አንድ ቀን መምጣቷ አይቀርም።